ስለ ሙኩሩ ሰፈርና ስለ ነዋሪዎቹ ምክር



በናይሮቢ ከተማ፣ በፋብሪካዎች መካከል፣ ሙኩሩ የሚባል ሰፈር አለ። ሙኩሩ ክዋ ንጄንጋ፣ ሙኩሩ ክዋ ሩበንና ቪዋንዳኒ ተብሎ በሦስት የተከፈለ ሲሆን፣ 100,000 የሚያህል ቤተ ሰብ በቆርቆሮ ቤት ተጨናንቆ ይኖርበታል። መሬቱ በአብዛኛው በግል ባለይዞታዎች ስም የተያዘ ነው፤ የሚበዛው ነዋሪ ግን ተከራይ ነው። የሚያስገርመው ድኻው ከባለጸጋው አብልጦ መክፈሉ ነው፤ ውኃ በጀሪካን ሲገዛ ለአንዱ ሊትር የሚያወጣው ዋጋ፣ ቧንቧ ከቤቱ የገባለት ሰው ከሚከፍለው ይበልጣል። የመንግሥት ትምህርት ቤትም ጥቂት ስለ ሆነ፣ ብዙው ሕፃን የሚማረው ወላጆቹ እየከፈሉ በጠባብ የቆርቆሮ ክፍል ነው።

በ2017 (እ.ኤ.አ.) የናይሮቢ ካውንቲ አስተዳደር ሙኩሩን ልዩ የፕላን ክልል ብሎ አወጀ፤ ፕላኑ እስኪዘጋጅም አዲስ ግንባታን ለ2 ዓመት አገደ። ይህ አዋጅ ከላይ ብቻ የወረደ አልነበረም። በ1996 የተቋቋመው ሙኡንጋኖ ዋ ዋናቪጂጂ የተባለው የነዋሪዎች ማኅበር፣ ከናይሮቢ ዩኒቨርሲቲና ከሌሎችም ምሁራን ጋር ሆኖ የሰፈሩን ችግር አስቀድሞ አስጠንቶ ነበርና ነው። በኋላም ከ40 የሚበልጡ ድርጅቶች በየሙያቸው ተከፋፍለው፣ ውኃውን፣ ጤናውን፣ ትምህርቱን፣ የመሬቱን ሕግ ያዙ።

ነዋሪው ደግሞ 10 ቤተ ሰብ አንድ ቡድን ሆኖ ተደራጀ፤ ቡድኖቹም ተያይዘው እንደራሴዎቻቸውን መረጡ። (ኢትዮጵያዊ አድማጭ ይህን ሲሰማ እድር ትዝ ይለው ይሆናል፤ ልዩነቱ እነዚህ የተሰበሰቡት ለቀብር ሳይሆን ለመንገድና ለፍሳሽ መሆኑ ነው።) ትልቁ ክርክር በመንገድ ስፋት ላይ ነበር። በፕላን ደንብ የተጻፈው ስፋት እንዳለ ቢፈጸም ኖሮ፣ መንገዱ ሊጠቅማቸው የታሰበው ሰዎች ቤት እጅግ ብዙው በፈረሰ ነበር። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ደንባቸውን ለቀቅ አደረጉ፤ ነዋሪዎቹም የትኛው መተላለፊያ እንደሚሰፋ፣ የትኛው ጠባብ ሆኖ እንደሚቀር አብረው መከሩ። ባለሙያ ደንቡን ለድኻ ሲያለዝብ መታየቱ ብርቅ ነው።

ከ2020 ጀምሮ አንዳንዱ መንገድ ተነጠፈ፤ የውኃና የፍሳሽ ቧንቧም ተዘረጋ።

ሆኖም በ2021 ኅዳር አካባቢ፣ ለሌላ መንገድ ሲባል፣ በሙኩሩ ክዋ ንጄንጋ በአሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ሰዎች መኖሪያ በዶዘር ፈረሰ። ብዙዎቹ በፈረሰው ቤታቸው ቦታ ላይ በላስቲክ ተጠልለው አደሩ።