እህሉ በየት በኩል ይግባ?



በአፍሪካ አዳራሽ ደጃፍ በኩል በየማለዳው ወደ መሥሪያ ቤታችሁ የምታልፉ ብዙዎች ናችሁ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሐምሌ 29 ቀን 1960 ዓ.ም. ለሁለት የተከፈለ አንድ የአፍሪካ አገር ፊት ለፊት ተቀምጦ ነበር። በአንድ ወገን አንቶኒ ኤናሆሮ የሚመሩት የናይጂርያ ፌዴራል መንግሥት መልእክተኞች፥ በሌላው ወገን የቢያፍራው መሪ ኮሎኔል ኦጁኩ፥ በመካከላቸውም አስታራቂው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። በዚያው ሰዓት በቢያፍራ ሕፃናት በራብ ይረግፉ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። በ1958 ዓ.ም. መጨረሻና በ1959 ዓ.ም. መጀመሪያ በሰሜን ናይጂርያ ይኖሩ በነበሩት ኢቦዎች ላይ ታላቅ ጭፍጨፋ ደረሰ። የተረፉት ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ምሥራቅ ሸሹ። ግንቦት 22 ቀን 1959 ዓ.ም. ምሥራቁ ክፍል ቢያፍራ ተብሎ መገንጠሉን ዐወጀ፤ ከአምስት ሳምንት በኋላም ጦርነቱ ተጀመረ። በግንቦት 1960 ዓ.ም. ወደቡ ፖርት ሃርኮርት በፌዴራሉ ጦር ሲያዝ የባሕሩ በር ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ የውጭ ምግብ የሚገባው ኡሊ በተባለ ስፍራ የመኪና መንገድ ተስፋፍቶ በተሠራ ማረፊያ፥ በሌሊት፥ መብራት እየጠፋ ነበር።

የአዲስ አበባው ድርድር ወድቆ የቀረው በዚህ በምግቡ መግቢያ ላይ ነው ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም። ፌዴራሉ መንግሥት፥ እህሉ በየብስ ይግባ፥ በአውሮፕላን ከሆነም በቀን ይሁንና ይፈተሽ አለ፤ በሌሊት ከእህሉ ጋር ጠመንጃም ይገባ ነበርና። ቢያፍራዎች በበኩላቸው፥ የየብሱ መንገድ ከተከፈተ የጠላት ጦር ይከተለዋል፥ እህሉም መርዝ ይጨመርበታል ብለው ፈሩ፤ የቀኑ በረራም ኡሊን ለድብደባ ያጋልጣል አሉ። ከዚህም በላይ አንዱ አስቀድሞ ተኵስ ይቁም ሲል ሌላው አስቀድሞ መገንጠሉ ይሰረዝ አለ።

ይህን ዐይነት ክርክር እናንተ አታጡትም። ባለጉዳዩ ደጅ ቆሞ ሳለ፥ ደብዳቤው በየትኛው ክፍል በኩል ይውጣ፥ ማንስ ይፈርም እየተባለ መዝገቡ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይዞራል። ሁለቱም ክፍሎች ደንብ ይጠቅሳሉ፤ ደንቡንም አልተሳሳቱም።

የንጉሠ ነገሥቱ ትዕግሥት የሚመሰገን ነው፤ በዚያ ክረምት ተደራዳሪዎቹን እየለያዩም እያገናኙም ለሳምንታት ደከሙ። ነገር ግን እርሳቸው የሚመሩት የስድስት መሪዎች ኮሚቴ ገና ሲቋቋም፥ በ1960 ዓ.ም. መባቻ፥ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉዳዩ የናይጂርያ የውስጥ ጉዳይ ነው ብሎ ወስኖ ነበር። ፍርዱ አስቀድሞ የተሰጠበት ሽምግልና ለአንደኛው ወገን ሽምግልና ሆኖ አይታየውም። እኔ ግን ከሁሉ የሚቈጨኝ፥ የሕፃናቱ ምግብ ከፖለቲካው ክርክር ተለይቶ ለብቻው አለመታየቱ ነው።

በ1961 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከእንግሊዝ፥ ከካናዳ፥ ከፖላንድና ከስዊድን፥ ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅት፥ ከአፍሪካ አንድነት ድርጅትም ኢትዮጵያንና አልጄሪያን ወክለው የመጡ ታዛቢዎች በናይጂርያ ግብዣ ወደ ጦር ሜዳው ሄዱ። ዘር ለማጥፋት የታቀደ ነገር አላየንም ብለው መሰከሩ። የተመለከቱት ግን በፌዴራሉ ጦር በኩል ያለውን ብቻ ነበር፤ ራቡ የበረታው ደግሞ በወዲያኛው ወገን ነው። ግንቦት 28 ቀን 1961 ዓ.ም. የቀይ መስቀል የእርዳታ አውሮፕላን ተመትቶ ወደቀ፤ ቀይ መስቀልም በረራውን አቋረጠ። አብያተ ክርስቲያናት ግን በሌሊት መብረራቸውን ቀጠሉ።

ጦርነቱ ጥር 7 ቀን 1962 ዓ.ም. አበቃ። የሞተውን ሕዝብ ከ500,000 እስከ 3,000,000 የሚያደርሱት አሉ፤ አብዛኛው የሞተው በራብና በበሽታ ነው።

ሕጉ የተሻሻለው ከዚያ በኋላ ነው። በ1969 ዓ.ም. በጄኔቭ የጸደቁት ፕሮቶኮሎች ሲቪሉን ሕዝብ ማስራብ የውጊያ ስልት እንዳይሆን ከለከሉ። በ1992 ዓ.ም. የተፈረመው የአፍሪካ ኅብረት መመሥረቻ ሰነድም በአንቀጽ 4፥ የጦር ወንጀል፥ የዘር ማጥፋትና በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ግፍ ሲደርስ ኅብረቱ በአባል አገር ጉዳይ ጣልቃ ለመግባት መብት እንዳለው ጻፈ፤ ውሳኔውን ግን ለመሪዎች ጉባኤ ተወ። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. የኅብረቱ የሰላምና የጸጥታ ምክር ቤት 5,000 ሰው ወደ ቡሩንዲ እንዲላክ ወሰነ። በማግሥቱ ወር መሪዎቹ እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው፥ የቡሩንዲ መንግሥት ካልፈቀደ አይሆንም አሉ፤ ጦሩም አልሄደም።