ክሪክ ያነሳል እንጂ አይሸከምም
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ በታክሲ ሾፌር አባላት ስም የቀረበ ንግግር)




የበዓሉ አዘጋጆች እኛን የታክሲ ሾፌሮቹን «ጥቂት ተናገሩ» ባሉን ጊዜ፣ ስለ ታክሲ ሳይሆን ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው ጠባብ ቤት ውስጥ እሑድ እሑድ ስለምንሠራው የሞተር ብስክሌት ማቆሚያ ለመናገር መረጥን። ያቺ ቤት ትቀጥል ወይስ ትዘጋ የሚለው ጉዳይ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ይቀርባል። በመሆኑም ድምፅ የምትሰጡበትን ነገር አስቀድማችሁ እንድታውቁት እንፈልጋለን።

እንደሚታወቀው በዚህ በለንደን ከተማ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከመጡት ወንድሞቻችን ብዙዎቹ፣ ከእህቶቻችንም ጥቂቶቹ፣ የሚተዳደሩት በሞተር ምግብ በማድረስ ነው። ሞተሩ የቆመበት ቀን ገቢ የሌለበት ቀን ነው። ጋራዥ ወስዶ ማሠራት ደግሞ ተጨማሪ ወጪ ነው። ስለዚህ ልጆቹ ካቴና ማጥበቁን፣ ፍሬን መቀየሩን፣ ጎማ ማውለቁን በየደጃፋቸው ራሳቸው ይሞክራሉ። ሞተሩን ግን በምን ላይ ያቆሙታል? በጡብ ክምር ላይ፣ በፕላስቲክ ሣጥን ላይ፣ ወይም ከእኛ በተዋሱት የመኪና ክሪክ ላይ! ከመካከላቸው አንዱ የኋላ ጎማውን አውልቆ ሳለ ጡቡ ተንሸራቶ ሞተሩ እግሩ ላይ ወደቀ። ልጁ ስድስት ሳምንት ያለ ሥራ ተቀመጠ። የእሑዱ ሥራችን የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ከእኛ መካከል አንዳንዶቻችን አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ገብተን ሳንጨርስ የወጣን ነን። የተማርነው ፊዚክስ መሪ ይዘን በኖርንባቸው ዓመታት ሁሉ ሥራ ፈትቶ ነበር። ይህ ሥራ ግን ከዚያ የበለጠ ትምህርት አይጠይቅም፤ ነገሩ አርኪሜዴስ ያስረዳው የመፈንቅል ሕግ ነው። ለዚህ ሥራ ከሚውሉት 125 ሲሲ ሞተሮች አብዛኞቹ ከ100 እስከ 140 ኪሎ ይመዝናሉ። ከዚህ ግማሽ ያህሉ የሚያርፈው በኋላ ጎማ ላይ ነው፤ 60 ኪሎ እንበል። ሸክሙ ከማቆሚያው መሽከርከሪያ 10 ሳንቲ ሜትር፣ እጀታው ደግሞ 80 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፣ ለማንሳት የሚያስፈልገው ግፊት የሸክሙ አንድ ስምንተኛ፣ ማለትም 7 ኪሎ ተኩል ብቻ ነው። ቀጭን ልጅ እንኳ ብቻውን ያነሳዋል።

ማቆሚያውን የምንሠራው ከ30 በ30 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ ነው፤ የብረቱ ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለት ክንዶች ከኋላ በኩል ገብተው፣ ጎማውን ግራና ቀኝ የሚይዘውን ሹካ ከሥር ይደግፋሉ። ከክንዶቹ ሥር ሁለት ትንንሽ መሽከርከሪያዎች፣ ከኋላ ደግሞ ክንዶቹን የሚያገናኝ ረጅም እጀታ አለ። ሹካው በሚያርፍበት ቦታ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ እንለብጣለን፤ ብረት በብረት ላይ ይንሸራተታልና። ተሠርቶ የሚሸጥ ማቆሚያ መኖሩን እናውቃለን። ሆኖም የልጆቹ ሞተሮች ሹካ ስፋቱ ይለያያል፤ አንዳንዱም ላይ ማርሚታው መንገድ ይዘጋል። ስለሆነም ለየሞተሩ ለክተን እንሠራለን።

በአሠራሩ ሁለት ነገሮች አይዘነጉም። አንደኛው ስፋት ነው፤ መሬት በሚነካበት ቦታ ከ40 ሳንቲ ሜትር አናሳንስም፤ ጠባብ እግር ያለው ነገር ቢገፉት ይገለበጣልና። ሁለተኛው መቆለፍ ነው። እጀታው ወርዶ መሬት ሲነካ ሸክሙ ከመሽከርከሪያው ጥቂት ወደ ኋላ አልፎ ማረፍ አለበት። ያኔ የሞተሩ ክብደት ራሱ እጀታውን ወደ መሬት ይጫነዋል እንጂ አያስነሳውም። ሸክሙ ልክ በመሽከርከሪያው አናት ላይ ከቀረ ግን ትንሽ ንቅናቄ ይበቃዋል።

አጠቃቀሙም ቅደም ተከተል አለው። ሞተሩ ጠፍቶ ማርሹ ነጻ ይደረጋል። አንድ ሰው መሪውን ይዞ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ያቆማል፤ ሌላው እጀታውን ይጫናል። ሞተሩ ሲነሳ ጥቂት ወደ ኋላ ስለሚሳብ የፊት ፍሬኑ በቅድሚያ አይታሰርም፤ የሚታሰረው ከተነሳ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ የኋላ ጎማው በእጅ ይዞራል፤ ካቴናው በሙሉ ይጸዳል፣ ዘይት ይቀባል። የጎማው ጥርስ ዙሪያውን ይታያል፤ በእንግሊዝ ሕግ ከ50 ሲሲ በላይ የሆነ ሞተር ጎማ ከስፋቱ ሦስት አራተኛው ላይ ከ1 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ጥርስ ሊኖረው ይገባልና። ነገር ግን ሞተር አስነስቶ ማርሽ አስገብቶ ካቴና መጥረግ በእኛ ዘንድ ክልክል ነው። ጨርቁን የያዘው ካቴና ጣትንም ይዞ ይገባል።

ስለ ክሪክ የምንለው አጭር ነው፤ ክሪክ ያነሳል እንጂ አይሸከምም። የዘይት ክሪክ ጎሚኒው ካረጀ ሳያስታውቅ ቀስ እያለ ይወርዳል። ስለዚህ በክሪክ ያነሳነውን ወዲያው ማቆሚያ ላይ እናሳርፋለን። ክሪኩንም ከሞተሩ ዘይት ሣጥን ወይም ከማርሚታው ሥር አናስገባም፤ ጠንካራውን የሞተሩን አካል ፈልገን በመካከሉ ሳንቃ እናደርጋለን።

ማንኛውም አዲስ ማቆሚያ ደግሞ ሳይፈተን ከቤቱ አይወጣም። ሳንቃ አጋድመን ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች ውሃ ሞልተን እንጭንበታለን። ስድስት ጀሪካን 120 ኪሎ ነው፤ ይህም ከሚሸከመው እጥፍ ነው። ጀሪካኖቹ በገመድ ታስረው ያድራሉ። ጠዋት ብየዳው ካልተሰነጠቀና ብረቱ ካልጎበጠ ቀኑን በቀለም እንጽፍበታለን።

የተከበራችሁ አባላት፣

ከሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው አንዳንዶቹ «በማኅበሩ ግቢ ሰው ቢጎዳስ?» ብለው መስጋታቸውን ሰምተናል። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ እኛም የምንሠራው ከዚያው ስጋት ተነስተን ነው። ነገር ግን ቤቱ ቢዘጋ ልጆቹ ሞተራቸውን መጠገን አይተዉም። ወደ ጡቡና ወደ ሣጥኑ ይመለሳሉ፤ በዚያም ጊዜ «ተው፣ እጅህን አውጣ» የሚላቸው ሰው አጠገባቸው አይኖርም። የቤቱ መዘጋት አደጋውን ከግቢያችን ያርቀው ይሆናል፤ ከልጆቻችን ግን አያርቀውም።

ስለሆነም ቤቱ በሦስት ደንቦች እንዲቀጥል እንጠይቃለን። ቀን ያልተጻፈበት ማቆሚያ ለማንም አይሰጥም፤ ማንም ሰው ብቻውን አይሠራም፤ ቁልፉ ከእኛ ከሁለታችን እጅ አይወጣም። ከእናንተ መካከል ብየዳ የሚያውቅ ቢኖር እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ብቅ ይበል። የሚጣል ቱቦላሬ ያለው ያምጣልን። አዲስ የመጣ ወንድም ወይም የእህት ልጅ ሞተር የሚነዳ ካለም ላኩልን። ብዙዎቹ «ጋሼ» ብለው ሰላም ይሉናል እንጂ ችግራቸውን ለመንገር ያፍራሉ፤ ብሎን እየፈቱ ሳለ ግን ስለ መኖሪያ ፈቃዳቸውም፣ ስለ ቤት ኪራያቸውም ይነግሩናል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ ይህንን ሸክም አብራችሁን እንድታነሱ በትሕትና እንጠይቃለን።