ለዶክትሬት ምርምር ስለሚሰጥ ገንዘብ
(ለተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የቀረበ ንግግር)




ገንዘብ ያለው የዶክትሬት ዕድል መገኘቱ በሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ጊዜ ሁላችንም ተሽቀዳድመን የምናነበው ሁለት ነገር ነው፤ የማመልከቻውን ቀንና የወር አበሉን ልክ። በመካከል ያለውን ግን ዘለነው እንሄዳለን። ዛሬ የምንናገረው ስለዚሁ ስለ ተዘለለው ነገር ነው።

እንደሚታወቀው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኮሌጅነት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950 ሲሆን፣ የዶክትሬት ትምህርት የከፈተው በ1987 ነው። ከዚያ በፊት ለዚህ ማዕረግ ያሰበ ሁሉ ከአገር ይወጣ ነበር፤ አንዳንዱ ተምሮ ተመለሰ፣ አንዳንዱም በዚያው ቀረ። ዛሬ በአገር ውስጥ መማር ተችሏል፤ ዕድሉም በየጊዜው ሰፍቷል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2016 በዓለም ባንክ ገንዘብ በተጀመረው የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ የልሕቀት ማዕከላት ዕቅድ፣ በ8 አገሮች ከተመረጡት 24 ማዕከላት አራቱ ለኢትዮጵያ ደረሱ። የውሃ አስተዳደር፣ የባቡር ትምህርትና የመድኃኒት ምርምር ማዕከላት በአዲስ አበባ፣ የአየር ንብረትንና እርሻን የሚያጠናው ደግሞ በሐረማያ ነበሩ። ገንዘቡም የሚለቀቀው በልመና ሳይሆን፣ ተማሪ መቀበልንና የምርምር ጽሑፍ ማሳተምን በመሰለ በተረጋገጠ ውጤት ነበር።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ሰጪው ቈጥሮ የሚሰጥ ከሆነ ተቀባዩም ቈጥሮ ሊቀበል ይገባዋል ማለት ነው።

ገንዘቡ የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው። በአንደኛው ተማሪው የራሱን የጥናት ሐሳብ ይዞ ይወዳደራል። በሁለተኛው ደግሞ መምህሩ አስቀድሞ ገንዘብ ያገኘበት ምርምር ስላለ፣ ተማሪው የተሰጠውን ጥያቄ ይሠራል። ሁለቱም መልካም ናቸው፤ ነገር ግን የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ መግባት በኋላ ጸጸት ያመጣል።

ስለዚህ ከመፈረማችን በፊት እንጠይቅ። ገንዘቡ ለስንት ዓመት ነው? ሥራው ከዚያ ቢያልፍ ማን ይከፍላል? አበሉ ለቀለብና ለቤት ኪራይ ብቻ ነው ወይስ ለመስክ ጉዞና ለመሣሪያም በጀት ተይዟል? የሰበሰብነው መረጃ የማን ይሆናል? አማካሪያችንስ ስንት ሌሎች ተማሪዎች አሉት?

ይህ ከንቱ ጥርጣሬ አይደለም። የሐይቅ ውሃ በክረምት ሊመረምር ያሰበ ተማሪ አበሉ ወር በገባ ቁጥር ቢደርሰውም፣ የመመርመሪያው ኬሚካል ከውጭ እስኪገባ ዝናቡ ካለፈ የሚጠብቀው አንድ ሳምንት ሳይሆን አንድ ዓመት ነው። ያ ዓመት ደግሞ ከገንዘቡ ዘመን ላይ ይቈረጣል። እንዲህ ያለው ሰው የሚያቋርጠው ስንፍና ይዞት ሳይሆን ስሌቱ አስቀድሞ ስላልተሠራ ነው።

መምህራኖቻችንንም በአክብሮት የምንለምነው አለ። ማስታወቂያ ሲወጣ የዓመቱ ቍጥር፣ የምርምሩ በጀትና የአማካሪው ድርሻ አብሮ ይጻፍ። ሦስት መስመር ብትጨመር የብዙ ሰው ድካም ትተርፋለች።

እኛ ተማሪዎችም በበኩላችን፣ ማስታወቂያው እስኪወጣ ሳንጠብቅ የምናጠናውን ጥያቄ በአንድ ገጽ ጽፈን እናዘጋጅ። ጥያቄው የሌለው ሰው ገንዘቡን ቢያገኝ እንኳ የሌላውን ጥያቄ ተሸክሞ ይኖራል። አባቶቻችን መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ብለዋልና፣ ሊቅነቱን ከማመልከቻው ቀን እንጀምረው።