ነባሩን ሳያፈርሱ አዲሱን ስለ መትከል



ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በሊኑክስ አገልጋይ ኮምፒዩተር ላይ ሁለት ጌቶች አሉት። አንደኛው ፕሮግራም የሚጽፍበት ባለሙያ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሥርዓቱ ራሱ ነው። ለምሳሌ በሴንትኦኤስ 7 ላይ ሶፍትዌር የሚጭነውና የሚያድሰው ያም የተሠራው በፓይተን 2.7 ነበር። አዲስ እትም የጫነ ባለሙያ «ፓይተን» የሚለውን የወል ስም ወደ አዲሱ ቢያዞረው፣ ያም ወዲያውኑ ሥራውን ያቆማል፤ ጥገና የሚካሄድበት መሣሪያም ከብልሽቱ ጋር አብሮ ይታጣል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደ ተባለው ነው።

ስለሆነም አዲሱ እትም ከምንጭ ኮዱ ሲገነባ «ሜክ ኦልትኢንስቶል» በተባለው ትእዛዝ መጫን ይገባዋል፤ ይህም የወሉን ስም ሳይነካ አዲሱን በእትም ቍጥሩ ለይቶ ከነባሩ ጎን ያኖረዋል። ዴቢያንም እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. ባወጣው 12ኛ እትሙ፣ ፒፕ የተባለው መጫኛ በሥርዓቱ ፓይተን ላይ እንዳይጨምር አግዶ፣ ለየፕሮግራሙ የተለየ ማደሪያ እንዲዘጋጅ አድርጓል።

አገልጋዩ የብዙ ሰው ደመወዝና መዝገብ የሚያድርበት ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ነባሩ ማንን እንደሚያገለግል ሳይመረምሩ እጅን አለመሰንዘር የሙያው የመጀመሪያ ግዴታ ነው።