ጓዳችንን በቁማችን እናሰናዳ
(በእድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የዕቃ ቤት ኃላፊው ያደረጉት ንግግር)



የእድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ፣ ስለ ድንኳኑና ስለ ብረት ድስቶቹ የምናገር መስሏችሁ ይሆናል። እሱ በሪፖርቱ ተነቧል። እኔ የተነሣሁት ስለየቤታችን ጓዳ ላወራችሁ ነው።

ለቅሶ ቤት ድንኳን ተክለን አግዳሚ ሳንደረድር ከውስጥ የምንሰማው ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው። «የት ነው ያስቀመጠችው?» ይባላል። የእድር ደብተሩ ይፈለጋል፣ መታወቂያው ይፈለጋል፣ የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ይፈለጋል። ያስቀመጠው ሰው ደግሞ ተጠይቆ የሚመልስ አይደለም።

በራሴ ቤት የደረሰውን ልንገራችሁ። ታላቅ እህቴ ያረፈችው በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነው። መገነዣዋን ራሷ ፈትላ አሠርታ ካስቀመጠች ብዙ ዓመት ሆኗት ነበር፤ ለሁላችንም ነግራናለች። የት እንዳለ ግን ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ባትሪ ይዘን ገባን። የተሰነጠቀ ምጣድ፣ ክዳን የሌለው ጀሪካን፣ ባዶ ጆንያ፣ እግሩ የወለቀ በርጩማ፣ ዛሬ ልጅ የወለዱት ልጆቿ የአንደኛ ክፍል ደብተር። ዝናቡ እየወረደ ኮተቱን ወደ በረንዳ ስናወጣ ነጋ። መገነዣው የተገኘው ከሁሉም በታች፣ መሬት ላይ ከተቀመጠ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ሻግቶ፣ ጠርዙንም አይጥ በልቶት። አንዲት ጎረቤታችን ለራሳቸው ያስቀመጡትን አምጥተው ሰጡን። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንማ ቀብሩን ሳያዘገዩ የሚፈጽሙ ስለሆነ፣ ከፈን ሲፈልጉ የሚያድሩበት ጊዜ እንኳ የላቸውም።

በዚያው ሳጥን ውስጥ አንድ የወተት ጣሳ ነበር። በጨርቅ የተቋጠረ ገንዘብ አለበት፤ ሁሉም አሮጌው ባለ 100 ብር። አዲሱ ብር የተነገረው መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲሆን ለመለወጫ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ምን ያህል እንደነበር አልናገርም። ያንን ስትቆጥብ ጫማ ሳትለውጥ የኖረች ሴት ናት።

እንግዲህ ወደ ሥራው ልምጣ። የጅማ ክረምት የታወቀ ነው፤ ጆንያም ሳጥንም መሬት ላይ ካረፈ ከሥር እርጥበት ይጠጣል፣ ግድግዳ ከተደገፈም ከጎን። ስለዚህ ከሥሩ ሁለት አጣና ወይም ጣውላ ይነጠፍ፤ ከግድግዳውም እጅ የሚያስገባ ያህል ይራቅ። ጀንፈል ያላችሁ ይህን ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ። የምትረሱት ግን ቡና ሽታ የሚወስድ መሆኑን ነው፤ ከላምባና ከሳሙና አጠገብ ያደረ ቡና ተቆልቶም ያሳብቃል። ፀሐይ በወጣ ቀን ሁሉንም ግቢ አውጡትና የሚመለሰውን ብቻ መልሱ። የተሰነጠቀው ምጣድ አይመለስ። ጀሪካኑን ለቁራሌው፣ ልብሱን ለሚለብሰው ስጡ፤ ልዋጭ ብትሉም የእናንተ ፈንታ ነው።

ወረቀት ላይ ግን ቀስ በሉ። የሐምሌ 1967ቱን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ያየ አዛውንት ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ሁሉ ቢያከማች አይፈረድበትም። አባቶቻችንን በዚህ አታስቸግሯቸው። የቤት ካርታውን፣ የግብር ደረሰኙን፣ የባንክ ደብተሩንና የእድር ደብተሩን ብቻ ለይታችሁ በላስቲክ ጠቅልላችሁ በአንድ ሳጥን አድርጉ። ቦታውን ሁለት ሰው ይወቅ። አንድ ሰው ብቻ ካወቀው እኛ ቤት የሆነው ይሆናል።

አሁን የምናገረውን እናቶች በተለይ ስሙኝ። እህል ውስጥ የሚጨመረው የነቀዝ ኪኒን፣ ስሙ አሉሚኒየም ፎስፋይድ የሚባለው፣ እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የተባለ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። 3 ግራም የምትመዝነው አንዷ ፍሬ 1 ግራም ያህል ጋዝ ትለቃለች። ለማርከሻ የሚሆን መድኃኒት የለውም። ጋዙ በግድግዳ ስንጥቅና በኮርኒስ በኩል ወደ መኝታ ቤት ያልፋል። ኪኒን የተደረገበት እህል ባለበት ቤት ሰው አይተኛ፤ ከተረፈውም በወረቀት ተጠቅልሎ ከበርበሬው ጎን አይቀመጥ። ውኃ ላድርግበት ብሎ የሚነሣ ሰው ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። ካገኛችሁት ሳትነካኩ የግብርና ባለሙያ ጠይቁ። ሌላው ኮተት ቢያስቸግር ነው እንጂ አይገድልም።

በመጨረሻ አንድ የዕቃ ቤቱ ጉዳይ አለኝ። ጓዳችሁን ስታወጡ፣ ከጀርባው በቀይ ቀለም የእድራችን ስም የተጻፈበት ትሪ ወይም ጭልፋ ብታገኙ አትደንግጡ፤ ማንም ሆን ብሎ አልወሰደውም። የጎደሉን 11 ትሪዎችና 2 ትልልቅ ጭልፋዎች ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ዕቃ ቤቱን ከፍቼ እቆያለሁ። ከየት መጣ ብዬም አልጠይቅም።