የዶርዜ ቤትና የእኛ የንድፍ ሰሌዳ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ አገር በቀል ዕውቀትና ስለ ሕንፃ ንድፍ ትምህርት እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ አንዳንድ ጓደኞቼ፥ «እኛ ቅኝ ተገዝተን አናውቅም፤ ይህ የሌሎች አፍሪካውያን ጉዳይ ነው» አሉኝ። ሆኖም ስመ ጥሩው የሕንፃ ነዳፊ ሌ ኮርቡዝዬ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1936፥ በወረራው ዓመት፥ አዲስ አበባን በዓይኑ ሳያይ በጋራውና በሸለቆው ላይ ቀጥ ያለ መንገድ አስምሮላት ነበር። ሥዕሉ በወረቀት ቀረ። አገሩን ሳያዩ ማስመር ግን ከእኛ ሰሌዳ ላይ የተፋቀ ይመስላችኋልን?

ያፈርሁበትን ልንገራችሁ። ባለፈው ክረምት ከአርባ ምንጭ በላይ ወደ ጨንቻ ወጥቼ የዶርዜን ቤት ለክቼ ነደፍሁ። ቤቱ ከተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ ቅርጫት ተጐንጕኖ የሚቆም ነው፤ ሲሠራ ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል፤ ፊቱ የዝሆን ፊት ይመስላል። ሥዕሌን ለአንድ ቤት ሠሪ ሽማግሌ ባሳየሁ ጊዜ፥ አመስግነው ምስጡን የት እንዳደረግሁት ጠየቁኝ። ቀልድ መስሎኝ ሣቅሁ፤ እርሳቸው አልሣቁም። ለካ ምስጥና እርጥበት የግድግዳውን እግር ሲበሉት የተበላው ይቈረጣል፥ ቤቱም ዝቅ ብሎ ኑሮውን ይቀጥላል። የሚቈረጠው ቁመት አስቀድሞ ታስቦለታል። ካስፈለገም ሰዎች ተሸክመው ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩታል። እኔ እስከ ዛሬ የነደፍኋቸው ቤቶች ግን እንደ ተመረቁበት ቀን ሆነው የሚቀሩ ናቸው፤ ሲያረጁ ምን እንደሚሆኑ የጠየቀኝ መምህር የለም።

ሥራውን ለክፍል ሳቀርብ «ደግ ነው፥ ግን ለቤተ መዘክር ነው» ተባልሁ። ነጥቡን ተዉት።

ከተማውን በቀርከሃ እንሥራ አላልሁም። ፍራንሲስ ኬሬ በርሊን እየተማረ፥ በ2001 በትውልድ መንደሩ በጋንዶ፥ ቡርኪና ፋሶ፥ ትምህርት ቤት ሲያሠራ፥ የአገሩን አፈር ከጥቂት ሲሚንቶ ጋር ቀላቅሎ ጡብ አደረገው፤ ሙቀቱ እንዲወጣም የቆርቆሮውን ጣራ ከፍ አድርጎ ከደነው። የመንደሩ ሰው አብሮት ሠራ። በ2022 የፕሪትዝከርን ሽልማት ሲቀበል ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆነ።

የምጠይቀው ይህን ነው፤ ቤት ሠሪው ፎቶግራፍ መነሣቱ ይብቃውና ክፍል ገብቶ ያስተምር፤ እንደ መምህር ይከፈለው፤ ሥራችንንም ያርም። ዲግሪ የለውም የሚለውን መልስ ሰምቻለሁ። ለባሕር ማዶ እንግዳ የአውሮፕላን ዋጋ ከተገኘ፥ ከጨንቻ የአውቶቡስ ዋጋ አይጠፋም።

ማመልከቻው በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ነው፤ የምትፈርሙ ግቡ። ሽማግሌው ለመምጣት ፈቅደዋል፤ ከመስቀል በፊት ግን ከቤታቸው የሚያነሣቸው የለም።