የዕድገት ሆርሞንን ስለሚቀሰቅሱ መርፌዎች



ልጁ አልረዝም ያለው አባትም፥ እርጅናን ለማዘግየት የሚመኝ ጎልማሳም፥ «ከነዚህ መርፌዎች የትኛው ይበልጣል?» ብለው ይጠይቃሉ።

ከአንጎል ሥር ፒቱታሪ የምትባል የሽንብራ ፍሬ የምታህል እጢ አለች። የዕድገት ሆርሞን የሚመነጨው ከርሷ ነው፤ ለማመንጨት ግን ትእዛዝ ትጠብቃለች። መርፌዎቹም ትእዛዙን የሚያስመስሉ እንጂ ሆርሞኑን የሚሰጡ አይደሉም። እንግዲህ ልዩነታቸው የማንን ትእዛዝ ያስመስላሉ በሚለው ላይ ነው።

አንደኛው አዛዥ አንጎል ነው። ትእዛዙን የሚያደርሰው 44 አሚኖ አሲዶች የተያያዙበት ሰንሰለት ሲሆን፥ በ1982 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እናገራለሁ) የሮዤ ጊየማንና የዋይሊ ቬል የምርምር ጓዶች በየፊናቸው ለይተው አወጡት። የፊተኞቹ 29 ብቻቸውን ሥራውን ስለሚፈጽሙ ሰርሞረሊን ከነርሱ ተሠራ፤ ነገር ግን በደም ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይፈርሳል። ቴሳሞረሊን 44ቱንም ይዞ ጫፉ ስለተጠናከረ ከርሱ ይልቅ ይጸናል።

ሁለተኛው አዛዥ፥ ማን ይገምታል፥ ጨጓራ ነው! ጃፓናውያኑ ኮጂማና ካንጋዋ ግሬሊን የተባለውን መልእክተኛ በ1999 ከአይጥ ጨጓራ አገኙት። አስመሳዩ ግን ከባለቤቱ ቀድሞ ተወልዶ ነበር፤ አሜሪካዊው ሲሪል ባወርስ ጂ.ኤች.አር.ፒ. 6 የተባለውን አስቀድሞ ሠርቶ ነበርና። ግሬሊን የረኀብ መልእክተኛም ስለሆነ ይህ መድኃኒት ሆርሞኑን ሲቀሰቅስ ምግብ ያስመኛል፤ ኮርቲሶልንም ከፍ ያደርጋል። ኢፓሞረሊን በ1998 በዐሣማ ላይ ሲፈተን ኮርቲሶልን እምብዛም ሳይነካ የዕድገቱን ሆርሞን ስላስነሣ ተመሰገነ።

ይሁን እንጂ ሆርሞኑ በደም ውስጥ መጨመሩ ሌላ፥ ሕመምተኛው መዳኑ ሌላ ነው። የተመሰገነውን ኢፓሞረሊንን የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ለማናቸውም በሽታ አልፈቀደውም። ቴሳሞረሊንን በ2010 የፈቀደው በኤች.አይ.ቪ. ሕሙማን ሆድ ውስጥ ያለቅጥ የሚከማቸውን ስብ ለመቀነስ ነው። ሰርሞረሊን በ1997 ለሕፃናት ተፈቅዶ ነበር፤ አምራቹ ግን በ2008 ማምረቱን አቆመ።

አባት ሆይ፥ እጢዋ ራሷ የተጎዳች እንደሆነ ትእዛዝ ቢደጋገምባት አትሰማም፤ የአጥንቱ የማደጊያ ጫፍ ከተዘጋም በማናቸውም መርፌ ቁመት አይጨመርም። ስለዚህ ልጁን አስቀድሞ ሐኪም ይየው። ጎልማሳው ደግሞ የደም ስኳር መጨመርንና የመገጣጠሚያ ሕመምን በሒሳቡ ያግባ።

በእኔ አስተያየት ከጨጓራው ወገን ጥርት ያለ ሥራ የተገኘለት በ2017 በአሜሪካ የተፈቀደው ማሲሞረሊን ነው። እርሱም የሚጠጣ እንጂ የሚወጋ አይደለም፤ ሐኪሙ አንድ ጊዜ አጠጥቶ በ90 ደቂቃ ውስጥ አራት ጊዜ ደም በመውሰድ፥ የጎልማሳው እጢ ለትእዛዝ ትመልስ እንደሆነ ይለይበታል።